እምቢ በል፣ ግን አትራቅ

በአምቦም ሁን በጉደር፣ በጌዶም ሁን በጊንጪ፣ ጌታን ከተቀበልክ ወዲህ «ጴንጤ ሆነ፤ ካገር ልማድ ወጣ» ተብለህ ይሆናል። የአባትህን ተዝካር አላወጣም ስትል ዘመድ ፊቱን አዙሮብህ ይሆናል። ታዲያ ምን ታደርጋለህ?

ዳንኤልን ተመልከት (ዳን. 1)። የንጉሡን ማዕድ እምቢ አለ፤ የንጉሡን ሥራ ግን በትጋት ሠራ። እኛ ግን አንዳንዴ ሁሉንም እምቢ እንላለን! ተዝካሩን ተው፤ ዕድሩን ግን አትተው። ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ትከል፣ መቃብር ቆፍር፣ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥ። ደቦ ሲጠራ ቀድመህ ድረስ። ስለ እምነትህ ሲጠይቁህ ጴጥሮስ እንዳስተማረን በየዋህነት መልስ (1ጴጥ. 3፥15)።

አዎ፣ ከማይወዱህ መሐል መቆየት ዋጋ ያስከፍላል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን አስብ። በደርግ ዘመን ካገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ሳለ ሕዝባቸውን ትተው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ።

ወገኔ፣ ከአንተ ዛሬ የሚፈለገው ደምህ አይደለም፤ ፍቅርህ ነው። ፊቱን ያዞረብህን ሰው ስሙን ጠርተህ ጸልይለት። ነገ ጠዋት ደግሞ ደጁ ሄደህ «እንዴት አደርክ?» በለው። ባይመልስልህም ከነገ ወዲያ ድገመው። ጌታ ያበርታህ። አሜን።