የላምባሬኔ ማለዳ
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የአንድን ሐኪም ቤት ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ማለዳ ሄዶ ደጁን ይመልከት። ዛሬ የምናገረው በጋቦን አገር፣ በኦጎዌ ወንዝ ዳር ስላለችው ስለ ላምባሬኔ ነው። ዶክተር አልበርት ሽዋይጸር ከባለቤታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1913 እዚያ ሲደርሱ የተዘጋጀ ሐኪም ቤት አላገኙም፤ የመጀመሪያው መመርመሪያ ክፍላቸው የዶሮ ቤት ነበር።

በሽተኞች በታንኳ እየመጡ፣ በጥላ ሥር ባሉት አግዳሚ ወንበሮች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ሥራው የሚጀመረው ጧት በሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከረዳቶቹ አንዱ ደንቡን በጋሎአና በፋንግ ቋንቋ ያሰማ ነበር። በሐኪሙ ቤት አጠገብ መትፋት ክልክል ነው፤ ተራ ጠባቂ ጮኾ አያውራ፤ ሁሉም በጧት ሊታይ ስለማይችል የቀን ስንቁን ይያዝ፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስና ቆርቆሮ ይመልስ። የመጨረሻው ለንፉግነት አልነበረም። በዚያ እርጥብ አየር መድኃኒት በወረቀት ቢጠቀለል ይበላሻልና ነበር። ሰሚዎቹም ቃሉን በወንዙና በሐይቆቹ ዳር ላሉት መንደሮች ሁሉ እንዲያደርሱ ይታዘዙ ነበር።

አስተርጓሚው ጆሴፍ አዞዋኒ ቀድሞ ወጥ ቤት ነበር። ስለዚህ የበሽተኛውን ሕመም ሲያስረዳ አካሉን በሥጋ ቤት ስም፣ በሽንጥና በጎድን ይጠራው ነበር። ነገሩ ቢያስቅም፣ ያለ እርሱ አፍ የሐኪሙ ዕውቀት ዲዳ በሆነ ነበር።

ወደ ላምባሬኔ ይመጣ የነበረው በሽተኛ ብቻውን አልነበረም፤ አስታማሚው አብሮ ይመጣ፣ እሳት አንድዶም ያበስልለት ነበር። ንጽሕናው ጎደለ ብለው የነቀፉ ብዙዎች ናቸው፤ ነቀፋውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁን እንጂ ከቤተ ዘመዱ የተለየ በሽተኛ ወደዚያ ባልመጣም ነበር።

ደግሞም ሐቁን እንናገር። ዶክተሩ ነጩን ታላቅ ወንድም፣ ጥቁሩን ታናሽ ወንድም አድርገው ጽፈዋል። ይህን አንቀበልም። ደንቡ ሲነበብ ሕዝቡ አድማጭ ብቻ ነበር፤ ደንቡን ሲያወጡ ግን የጠየቀው የለም።

ሽዋይጸር እ.ኤ.አ. በ1965 አረፉ፤ በ1981 አዲስ ሕንጻ ተከፈተ፤ ሐኪም ቤቱ ዛሬም ይሠራል። እንግዲህ ከመካከላችን ነገ ወደ ገጠር ሐኪም ቤት የሚመደብ ሁሉ በመጀመሪያው ማለዳ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ደንቡ በሕዝቡ ቋንቋ ይነገራልን? አስታማሚው የሚያድርበትና የሚያበስልበት ስፍራ አለውን? ደንቡ ሲወጣስ የሕዝቡ ቃል ተሰምቷልን?