ተመርቶ ማሸነፍ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከስፖርት ክበብ የቀረበ ንግግር)



በዚህ በደስታችን ቀን ስለ ስፖርት ጥቂት ቃል እንድናገር ከክበባችን በታዘዝሁ ጊዜ፣ አርእስት ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርሁም። በኮቦ ከተማ ሁለት ሰዎች በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቡና መጠጣት ከጀመሩ፣ ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ ነገሩ ወደ ኳስ መዞሩ አይቀርም። ወጣቱ ስለ እንግሊዝ ክለቦች ሲከራከር ሽማግሌው ደግሞ «ተዉ እናንተ ልጆች፤ ኳስስ በጃንሆይ ጊዜ ቀረ» ይላል። ሽማግሌው እንዲህ ሲል በልቡ ያለው አንድ ጨዋታ ነው። ይኸውም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲዩም ይባል በነበረው በአዲስ አበባው ሜዳ፣ ኢትዮጵያና ግብፅ ለአፍሪካ ዋንጫ ያደረጉት የፍጻሜ ግጥሚያ ነው።

ማሸነፋችንን ሁሉም ያውቃል፤ እንዴት እንዳሸነፍን የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። እኔም ዛሬ የተነሣሁት ያን ድል ለማወደስ ሳይሆን፣ እንደ አንድ ደጋፊ ሆኜ ለመመርመር ነው። ምክንያቱም ደጋፊ የተባለ ሁሉ ቡድኑ ሲሸነፍ ምርመራውን ሌሊቱን ሙሉ ያካሂዳል፤ ሲያሸንፍ ግን ዘፍኖ ይተኛል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ግብፅ በዚያን ጊዜ ለእኛ ምን ዓይነት ባላጋራ እንደ ነበረች ነው። የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ሆና ለፍጻሜ ብትደርስም፣ ግብፅ አራት ለባዶ አሸነፈቻት፤ አራቱንም ጎል ያገባው ኤል ዲባ የተባለው አንድ ሰው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ሲገናኙ ውጤቱ እንደ ገና አራት ለባዶ ሆነ። እንግዲህ በሁለት ግጥሚያ ስምንት ጎል ገብቶብን እኛ አንድም አላገባንም ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. ስታዲዩም የገባ ሰው ይህን ሒሳብ በጭንቅላቱ ይዞ እንደ ገባ አያጠራጥርም።

ቡድኑን ያዘጋጁት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኒህ ሰው ጂማ ተወልደው ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱ፣ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ማለት እስከ 1979 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው የሠሩ ናቸው። ስለ እርሳቸው ብዙ መናገር ይቻል ነበር፤ ጊዜው ግን አይበቃኝም።

ከፍጻሜው ሳምንት አስቀድሞ፣ ጥር 6 ቀን፣ ቡድናችን ከቱኒዝያ ጋር ተጋጠመ። ያን ዕለትም ቱኒዝያ ሁለት ለባዶ መራች። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ አራት ጎል አግብታ አራት ለሁለት ስታሸንፍ፣ ሁለቱን ያስቆጠረው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ይህን ጨዋታ ሰው ሁሉ ረስቶታል፤ ለእኔ ግን የፍጻሜው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተመርቶ መመለስ እንደሚቻል ቡድኑ የተማረው በግብፅ ላይ ሳይሆን በቱኒዝያ ላይ ነው። በሰባት ቀን ልዩነት አንድ ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አራት ለሁለት ሲያሸንፍ፣ ነገሩን ዕድል ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ስንፍና ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፍጻሜው እንግባ። በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ በደዊ አገባ። ዕረፍት ሆነ፤ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፤ ሰዓቱም ሄደ። ኢትዮጵያ አቻ የሆነችው በ74ኛው ደቂቃ ነው። እስቲ ራሳችሁን በተመልካቹ ቦታ አድርጉት፤ ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል አንጀቱ አርሮ ከቆየ በኋላ ዘሎ ተነሣ፤ የጎረቤቱን አንገት አቀፈ፤ ነጠላውን ወደ ሰማይ ወረወረ። ገና ሳይቀመጥ፣ በ75ኛው ደቂቃ፣ ያው በደዊ ደግሞ አገባ። ሁለት ለአንድ!

በእኔ አስተያየት የጨዋታው ልብ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ እስከ 84ኛው ያለው ጊዜ ነው። አንድ ጎል ገብቶበት የሚነሣ ቡድን ብዙ ነው፤ ተነሥቶ፣ አቻ ሆኖ፣ ወዲያው እንደ ገና የተመታ ቡድን ግን አብዛኛውን ጊዜ እጁን ይሰጣል። እኛም በትምህርት ቤታችን ሜዳ ይህን ስንት ጊዜ አይተናል! በረኛው ተከላካዩን ይሰድባል፤ ተከላካዩ አጥቂውን ይሰድባል፤ አጥቂው ወገቡን ይዞ ፀሐይዋን ያያል። የ1954ቱ ቡድን ግን ዘጠኝ ደቂቃ ታግሦ፣ በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን ጎል አገባ። መደበኛው ጊዜ ሁለት ለሁለት አለቀ።

በጭማሪው ሰዓት፣ በ101ኛው ደቂቃ፣ የሉቻኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አስቆጠረ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ ሆንን ማለት ነው። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ሲጨምር ነገሩ አበቃ። መንግሥቱና በደዊ በዚያ ውድድር ሦስት ሦስት ጎል በማግባት እኩል ሆነው ከሁሉ በላጭ ሆኑ። ዋንጫውንም ግርማዊ ጃንሆይ በእጃቸው ለሉቻኖ ሰጡት።

እንግዲህ እንዴት ሆነ? አንዳንድ ሰው «ወኔ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ወኔማ ነበር፤ ሆኖም ግብፆችም ወኔ አላነሣቸውም። ከወኔው ሌላ ሁለት ነገር ልጥቀስ፤ ደጋፊ ቢከፋውም እውነት እውነት ነው። አንደኛ፣ ግብፅ ዩጋንዳን ሁለት ለአንድ ያሸነፈችው ጥር 10 ቀን ነው፤ ለፍጻሜ የተሰለፈችው በሦስተኛው ቀን ሲሆን፣ የእኛ ልጆች ግን ሰባት ቀን አርፈዋል። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ካይሮ ያለችው በባሕሩ ደረጃ ነው ቢባል ይቻላል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ሰው በተረጋጋ ጊዜ አይታወቀውም፤ መቶ ደቂቃ ከሮጠ በኋላ ግን ሳንባው ይነግረዋል።

ይህን ለእኛ ለቆላ ልጆች ማስረዳት አያስፈልግም። ኮቦ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ በሙቀቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስንሮጥ የምንውል ሰዎች፣ አምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወልድያ ላይ ስንጫወት በሁለተኛው አጋማሽ ትንፋሻችን ይቆራረጣል። (ወልድያ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ሃያ አምስት ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲዩም አላት፤ እኛ ደግሞ ጎሉ በድንጋይ የሚለይ ሜዳ አለን። ይህን የምለው ለቅናት አይደለም።)

በተጨማሪም በዚያን ዘመን በእግር ኳስ የደከመን ሰው ቀይሮ ማስገባት ገና አልተለመደም ነበር፤ በዓለም ዋንጫ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የሚያስገርመው፣ በዚያው በ1970 በአውስትራሊያ የታየው ነገር ነው። አውስትራሊያውያን የራሳቸው የሆነ እግር ኳስ አላቸው፤ ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ በአንድ ወገን አሥራ ስምንት ሰው ይሰለፋል፤ በመካከለኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መካከል የገባ ኳስ ስድስት ነጥብ ሲያሰጥ፣ ከጎን ያለፈው አንድ ብቻ ያሰጣል። በዚያ ዓመት በሜልበርን ከተማ 121,696 ሰው እያየ፣ ካርልተን የተባለው ቡድን በዕረፍት ሰዓት በኮሊንግውድ 44 ነጥብ ተበልጦ ነበር። በዕረፍት ቴድ ሆፕኪንስ የሚባል ተቀያሪ ገብቶ አራት ጎል አገባ፤ ካርልተንም 111 ለ101 አሸነፈ። እዚያ አዲስ እግር ማስገባት ተችሏል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከመጀመሪያው ፉጨት የጀመረው እግር ራሱ 120 ደቂቃ መሮጥ ነበረበት። ስለዚህ ከፍታውን የለመደና ሳምንት ያረፈ እግር ዋጋው ምን ያህል እንደ ነበር አስቡት።

ታዲያ ይህ ድሉን ያሳንሰዋልን? አንድ ገበሬ አባት ይህን ጉዳይ ስንከራከር ሰምተው «ልጆቼ፣ ጎርፉንም እኮ እግዜር ነው የሚያወርደው» አሉን። የራያ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ሲመጣ፣ አስቀድሞ ቦዩን የቆፈረና ድንጋዩን የደረደረ ሰው ማሽላውን ያጠጣል፤ ያልቆፈረው ውሃው በደጁ ሲያልፍ ቆሞ ያያል። ከፍታው በ84ኛው ደቂቃ ጎል አያገባም፤ ያገባው ሉቻኖ ነው።

ስለ ሉቻኖ ካነሣሁ አይቀር፣ በከተማችን ዘወትር ወደሚነሣው ክርክር ልምጣ። «እነዚያ ልጆች የሚበዙት የአስመራ ልጆች አልነበሩምን? አምበሉስ አባቱ ጣሊያን አልነበረምን? ታዲያ ድሉ የማን ነው?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ከአሥራ አንዱ የሚበዙት ከኤርትራ የመጡ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ነበረች። ሉቻኖ በ1927 ዓ.ም. አካባቢ በአስመራ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ አባት ተወልዶ፣ ለድሬዳዋው ኮተን የተጫወተ ሰው ነው። መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። በ75ኛው ደቂቃ ላይ አንዱ ሌላውን የማን ልጅ እንደ ሆነ ቢጠይቀው ኖሮ፣ ዛሬ የምንከራከርበት ዋንጫም ባልኖረ። በእኛ በራያ ቆላ በአንድ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ይሰማል፤ በአንድ ሰው አፍ ሁለቱ ሲደባለቁም እንሰማለን። ስለዚህ ጥያቄው የሩቅ ሰው ጥያቄ አይደለም። በክፍላችን ቡድን ሲመረጥ «እሱ ከየት የመጣ ነው?» የሚል ድምፅ በዚህ ዓመት ጆሮዬ ሰምቷል፤ ኳስ መቻሉን የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ሉቻኖ ዋንጫውን ያነሣላት አገር ለእርሱ ዘላለም አልተመቸችውም፤ በደርግ ዘመን ተሰዶ ኢጣሊያ ገባ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ዐረፈ።

ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ ዋንጫውን ደግማ አልወሰደችም። ሆኖም ተመርቶ መመለስ ጨርሶ አልጠፋም። በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ሱዳን ላይ አምስት ለሦስት ተሸንፎ ተመለሰ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላሃዲን ሰይድ አግብተው ሁለት ለባዶ ሲያሸንፍ፣ ድምሩ አምስት ለአምስት ሆነ፤ በባላጋራው ሜዳ ባገባቸው ሦስት ጎሎች አልፎ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ገባ። ያን ዕለት እዚህ የነበራችሁ ታላላቆቻችን የመኪናውን ጥሩምባ ታስታውሱታላችሁ። ተሸንፈው በመጡ ጊዜ «አበቃ» ያሉትም ጥሩምባውን ሲነፉ ነበር፤ ደጋፊ እንዲህ ነው።

ዛሬ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የቀድሞ ተማሪዎች ቡድን ከእኛ ጋር ይጋጠማል። ሜዳው ጥላ የለውም፤ ጃንጥላ ያላችሁ ወላጆች ይዛችሁ ብትመጡ መልካም ነው። በመጀመሪያው ጎል የምትሄዱ ካላችሁም፣ እባካችሁ የኋለኛውን ወንበር ለሚቆይ ሰው ልቀቁለት።