ከጉቤት እስከ አሳል፦ የዓርብ የእግር ጉዟችን
(በኢዮቤልዩ በዓሉ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ዓርብ የእግር ጉዟችን ነው። እኛ በካርቲየ 7 ቢስ ሱቅ ከፍተን የምንኖር ነጋዴዎች ነን፤ ንግግር አዋቂዎች አይደለንም። ብዙዎቻችን እዚህ አገር ዘመን ስንቆጥር ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ ከመመላለስ በቀር ጅቡቲን አላየናትም ነበር። ልጆቻችንም ተራራ ሲባል የሚያውቁት በቴሌቪዥን የሚታየውን የሰሜንን ተራራ ነው። እሳተ ገሞራ በመኪና የሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ እንዳለ የነገራቸው አልነበረም።

የምንሄደው ብርድ ባይባልም ሙቀቱ በሚበርድበት ወራት፣ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው። በካምሲን ጊዜ የሚሞክረው ካለ ከእኛ ጋር አይደለም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሚኒባስ ተከራይተን ወደ ታጁራ በሚወስደው መንገድ እንወጣለን። ሲነጋ ጉቤትን ከከፍታ ላይ እናያለን፤ አፉ የጠበበ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ዙሪያውን በጥቁር ተራራ የታጠረ ባሕር ነው። ከዚያ እስከ አሳል ሐይቅ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ምድሩ ቀልጦ የረጋ ድንጋይ ስለሆነ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ነጠላ ጫማ የምንሸጠው እኛው ነን፤ ለዚህ መንገድ ግን አንሸጥም።

በመካከሉ አርዱኮባ አለ። የፈነዳው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1978 ነው፤ ጅቡቲ ነፃ በወጣች በዓመቱ። አንድ ሳምንት ያህል ነድዶ ጠፋ። እዚያ የአፍሪካና የዓረብ ምድር በየዓመቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ልጆቹ አንድ እግራቸውን ከስንጥቁ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። አሳል ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ከእኛው ዳሎልም ይበልጣል። ጨውነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ነው። አፋሮች ጨዉን በግመል ጭነው ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲያወጡ የኖሩበት መንገድም ይኸው ነው።

አሁን ሰው በዚያ መንገድ በተቃራኒው ይመጣል። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ጉዟችንን በግማሽ መናገር ይሆንብናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአሳል ስንመለስ ከመንገዱ ዳር ሰባት ልጆች ተቀምጠው አገኘን። ነጠላ ጫማ፣ አንድ ባዶ ሃይላንድ፣ ሌላ ምንም። ከየት ናችሁ ብንል ከወሎ፤ ወዴት ብንል ኦቦክ። ሐይቁን ከሩቅ አይተው ውሃ መስሏቸው ወርደው ቀምሰውታል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ትንሹ፣ «ጋሼ፣ ባሕሩ ቅርብ ነው?» አለን። ኦቦክ ከዚያ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እኛ ጠግበን ጠጥተን፣ የተረፈንን ጭንቅላታችን ላይ አፍስሰን ነበር። የቀረን አራት ሃይላንድ ብቻ። እሱንና ዳቦ ቆሎውን ሰጠናቸው። ከእኛ ግማሹ እንመልሳቸው አለ፤ ሹፌሩ «ፍተሻ ላይ ምን እላለሁ?» አለ፤ እነሱም መመለስ አልፈለጉም። የሱቃችንን ስልክ በካርቶን ላይ ጽፈን ሰጥተን ሄድን። እስከ ቤት ድረስ ማንም አልተናገረም። ልጆቹም አልደወሉም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ወገኖቻችን ኦቦክ አካባቢ ጀልባ ተገልብጦባቸው ያለቁ ጊዜ፣ ያን ካርቶን ያላሰበ ከመካከላችን የለም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ጭነን እንሄዳለን፤ ለእኛ አይከፈትም። ሰው ካላገኘን ሞልቶ ይመለሳል። «ይህ ሰውን ለመንገድ ማደፋፈር ነው» ያሉን አሉ። እዚያ የደረሰ ልጅ ግን በእኛ ውሃ ተደፋፍሮ የመጣ አይደለም። መንገዱ ምን እንደሆነ አገር ቤት ላሉት ወንድሞቻችሁ በስልክ ንገሩ፤ ውሃውንም እኛ እንጭናለን።

የዳይ ጫካም ቀርቷችኋል፤ በጎዳ ተራራ ላይ ነው፤ ጥድ አለው፤ ብዙው ቢደርቅም ሽታው አገር ቤትን ያስታውሳል። እሱ ግን ማደር ይጠይቃልና ለሌላ ጊዜ ይሁን። ወደ አርዱኮባ የሚቀጥለው ጉዞ በዲሴምበር የመጀመሪያው ዓርብ ነው። ቆብ፣ የተዘጋ ጫማ፣ ለአንድ ሰው አራት ሊትር ውሃ ይያዝ። ስማችሁን ሱቅ መጥታችሁ አስመዝግቡ፤ ጀሪካን የሚሸከሙ ሁለት ጎረምሶችም እንፈልጋለን።