ዓይነ ስውሩ ባለቅኔ



ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ስንለቀቅ አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ ፊደሉ ደግ ነው። ነገር ግን የእኔ ዓይን ደክሟል። ከእንግዲህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉን። እኛ ዘማቾቹ መልስ አጣን። ማታ ስንነጋገር ግን አንድ ሰው ትዝ አለን። ዛሬ የምንነግራችሁ የዚያን ሰው ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰውየው አቡል አላ አል መዓሪ ይባላል፤ የዐረብ ባለቅኔ ነው። የተወለደው በ973 ዓ.ም. በሶርያ አገር፣ መዓራ በምትባል ከተማ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ፈንጣጣ ያዘው። ከሞት ተረፈ፤ ዓይኑ ግን ጠፋ።

ታዲያ ዓይን የሌለው ልጅ እንዴት ተማረ? በጆሮው ነው። የመጀመሪያ አስተማሪው አባቱ ነበር። ሌላ ሰው ያነብለታል፤ እሱ ሰምቶ በልቡ ይይዛል። የእኛ አገር የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ አፍ ቃል በቃል እንደሚቀበለው ማለት ነው። ወደ ሐለብ ከተማም ሄዶ ተማረ። ግጥም መግጠም የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው።

በዚያ ዘመን ብዙ ባለቅኔ ይኖር የነበረው ሹማምንትን እያወደሰ ነው። እሱ በግጥም ያሞግሳል፤ ሹሙ ገንዘብ ይሰጠዋል። አል መዓሪ ግን ግጥሜን ለገንዘብ አልሸጥም አለ። በ1008 ዓ.ም. የሊቃውንት መሰብሰቢያ ወደ ነበረችው ወደ ባግዳድ ሄደ። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ፣ እናቱ ታማለች ቢባል ወደ አገሩ ተመለሰ። ሳይደርስባት ሞተች።

ከዚያ በኋላ ከቤቱ ላይወጣ ቆርጦ ተቀመጠ። ራሱንም የሁለት ወህኒ ቤት እስረኛ ብሎ ጠራ። አንዱ ወህኒ ዕውርነቱ፣ ሁለተኛው ቤቱ ነው። እንስሳትን መበደል ነው ብሎ ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላልና ማር እንኳ ተወ።

እሱ ቤቱን ቢዘጋም ሰው አልተወውም። በ1047 ዓ.ም. ናሲር ኩስራው የተባለ የፋርስ መንገደኛ በዚያች ከተማ አልፎ ነበር። ከየአገሩ የመጡ ከ200 በላይ ሰዎች ከባለቅኔው ዘንድ እንደሚማሩ ጽፏል። አል መዓሪ በቃሉ ይናገራል፤ ደቀ መዛሙርቱ በብዕር ይጽፋሉ። መጽሐፎቹ የተጻፉት እንዲህ ነው። ሰው የሰማውን ሁሉ አሜን ብሎ ከመቀበል በአእምሮው እንዲመረምር ይመክር ስለ ነበር፣ የሚቃወሙትም ብዙ ነበሩ። በ1057 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ሞተ።

ስሙ ግን አልሞተም። ከ800 ዓመት በኋላ በግብፅ ገጠር ጣሃ ሁሴን የሚባል ልጅ ተወለደ። የእሱም ዓይን በሕፃንነቱ ጠፋ። አድጎ ስለ አል መዓሪ ሰፊ ጥናት ጻፈና በ1914 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። በ1950 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ እንዲሰጥ አደረገ። ዓይነ ስውሩ ለዓይነ ስውሩ መንገድ መራው ማለት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ፣ በሶርያ ጦርነት ጊዜ፣ ታጣቂዎች መዓራ ውስጥ የቆመውን የአል መዓሪን ሐውልት አንገቱን ቆረጡት። ሐውልቱ ተቆረጠ። ቃሉ ግን በየአገሩ በመጽሐፍ ተጽፎ ስለ ነበር ማንም ሊቆርጠው አልቻለም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለም?

እንግዲህ አባታችን፣ መልሳችን ይኸው ነው። የዱሮውን የእርሻ ዘፈን ያውቃሉ። ቀረርቶውን ያውቃሉ። እናትዎ ያለቀሱበትን ግጥም ያውቃሉ። እርስዎ ዝም ካሉ አብሮ ይቀበራል። የልጅ ልጅዎ ደግሞ ፊደል ለይታለች፤ መጻፍም ችላለች። ዛሬ ማታ ከኩራዙ አጠገብ አብረው ይቀመጡ። እርስዎ ይናገሩ፤ እሷ ትጻፍ። በሚቀጥለው ትምህርት ይዛው ትምጣና ሁላችንም እናነበዋለን።