የደከመ ልብ በየዕድሜው የሚሻው አድማጭ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከአዋሽ ተነሥቶ ሚሌን፥ ሎግያንና ሰመራን አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ በኢትዮጵያ ምድር የሚያበቃው በገላፊ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ፥ ለአገራችን ከሚመጣው ስንዴ፥ ማዳበሪያ፥ ነዳጅና ብረት ብዙው በዚሁ በር ይገባል። ፀሐይ ድንጋዩን በምታግልበት በዚያ ሥፍራ ከባድ መኪኖች የጉምሩክ ተራቸውን ሲጠብቁ የተመለከተ ሰው የጭነታቸውን ብዛት ያደንቅ ይሆናል፤ መሪውን የጨበጠው ሰው በልቡ ስለ ተሸከመው ጭነት ግን አያስብም። ዛሬ ልንነግራችሁ የወደድነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጭነት ነው።

ነገሩንም ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ዘመን የነዳ አንድ ሾፌር፥ የንስሐ ልጃችን፥ ወደ እኛ መጥቶ እንቅልፍ እንደ ራቀው ነገረን። (የሰው ምሥጢር በአደባባይ አይነገርምና፥ ይህን የምንናገረው እርሱ ራሱ «ስሜን ሳይጠሩ ለሌሎች ይንገሩልኝ» ብሎ ስለ ለመነን ነው።) እኛም ምን አይተህ ነው፥ ከመቼስ ጀምሮ ነው ብለን ሳንጠይቅ፥ ኃጢአት ቢኖርብህ ነው በማለት ጾምና ስግደት ሰጠነው፤ በየሌሊቱም ዳዊት እንዲደግም አዘዝነው። ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ «አባቴ፥ ያዘዙኝን ሁሉ ፈጸምሁ፤ እንቅልፉ ግን አልመጣም» አለን። ስግደቱን ጨመርንበት። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ዓመት አልፎ ለስብከተ ወንጌል ወደ ሰመራ በወረድንበት ጊዜ እስከ ገላፊ ደርሰን ነበርና፥ በመኪኖቹ ሰልፍ መካከል አገኘነው። ወርዶ መስቀል ተሳለመና በተሳቢው ጥላ ሥር አስቀመጠን። በዚያም ከዚህ በፊት ያልሰማነውን ነገረን። የልብ ወዳጁ የነበረ ሾፌር መኪናው ተገልብጦ በእሳት ሲያያዝ በዐይኑ አይቶ ነበር፤ ሊደርስለትም አልቻለም። ከዚያን ቀን ወዲህ ዐይኑን በከደነ ቁጥር እሳቱ ይመጣበታል። እንቅልፍ ሲያጣ ለመንዳት ጫት ይቅማል፤ ጫቱ ደግሞ የቀረችውን እንቅልፍ ይወስድበታል። በመጨረሻም አንድ ሌሊት መኖርን ጠላ። ረዳቱ፥ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ፥ የዝምታው ነገር አስፈርቶት የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ወሰደበትና ሲነጋ ይዞት ወደ ሆስፒታል ሄደ። በዚያ የተቀበለው ባለሙያ አጠገቡ ተቀምጦ በመጀመሪያ የጠየቀው «ምን አየህ?» ብሎ ነው።

«አባቴ፥ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለን። እኛም አንገታችንን ደፋን።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ እግዚአብሔርን ሞት ለመነው። ይህ እሳትን ከሰማይ ያወረደው፥ በንጉሥ ፊት ያልፈራው ነቢይ ነው። እግዚአብሔር ግን አልገሠጸውም። መልአኩን ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ዳግመኛም እንዲተኛ ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ስለ ጉዳዩ የጠየቀው ወደ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው፤ የልቡንም ተናግሮ እስኪጨርስ ሰማው። እኛ ያን ሾፌር ሳይበላና ሳይተኛ ወደ ኮሬብ እንዲሮጥ አዘዝነው ማለት ነው።

እንግዲህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማን ነው የሚል ቢኖር፥ የሰውን ሐሳብ፥ ስሜትና ጠባይ በትምህርት መርምሮ፥ በጥያቄ፥ በውይይትና ደረጃ በደረጃ በሚሰጥ ልምምድ የሚረዳ ሰው ነው። መድኃኒት የሚያዘው ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ምሥጢር ይጠብቃል፤ ሆኖም ኃጢአትን አያስተሰርይም፥ አስተሰርያለሁም አይልም። የንስሐ አባትም በበኩሉ የቈሰለ አእምሮን ሁሉ በቀኖና እፈውሳለሁ ማለት አይገባውም። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ቢመጣብን ወደ ወጌሻ ወይም ወደ ሐኪም ሂድ እንለዋለን፤ ይህን በማለታችንም ሃይማኖታችን ጐደለ ብሎ የሚከሰን የለም። ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው ሲራክ አስተምሮናልና።

የሚያስቸግረው የልብ ሕመም በየዕድሜው ልብሱን እየለወጠ መምጣቱ ነው። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድር ደጋግማ በተናወጠች ጊዜ እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን ትቶ ወጥቷል። እንዲህ ያለውን ያየ ሕፃን «አዝኛለሁ» አይልም። ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ትቶት የነበረው በአልጋ ላይ መሽናት ይመለስበታል፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መሬቱ የተናወጠ መስሎት የእናቱን ቀሚስ ይይዛል። ይህን ባለጌነት ነው ብሎ መግረፍ በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው፤ እኛ ግን ሕፃን ምን ያውቃል እንላለን።

ወጣቱን ተመልከቱ። በዚሁ በአፋር በረሓ በእግሩ ተጕዞ ወደ ጅቡቲ፥ ከዚያም በኦቦክ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ ወደ የመንና ወደ ዐረብ አገር የሚሄደው ልጃችን፥ በመንገድ ላይ በውኃ ጥም የቀረ ጓደኛውን ትቶ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ሲመለስ ቤተ ሰቡ የሚጠይቀው «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ ነው፤ ለመንገዱ የተበደሩት ገንዘብ አለና። እርሱም ይቈጣል፥ ወይም ሰው ሸሽቶ በጓዳ ይቀመጣል፥ ወይም መጠጥ ይጀምራል። ሥራ ፈትነት ነው ይባላል። የዚህ ልጅ ሸክም በምክር ብዛት አይቀልም፤ ያየውን ሳይሳቀቅ ሊሰማው የሚችል፥ ለዚህም የተማረ ሰው ያስፈልገዋል። አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ዕዳውን ለመጠየቅ ጥቂት ታገሡ።

አራስ ቤት ደግሞ እንግባ። ገንፎው ተገንፍቶ፥ ዘመድ ተሰብስቦ፥ ሁሉ እልል ሲል እናቲቱ ታለቅሳለች። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ልቅሶ ብዙ ጊዜ በራሱ ያልፋል። ሁለት ሳምንት አልፎ ያልተወ፥ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እርሷን እንቅልፍ የነሣ፥ ልጄን እጐዳው ይሆናል የሚል ፍርሃት ያመጣ እንደ ሆነ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል፤ ክርስትናው እስኪደርስ መጠበቅ የለብንም። አንዳንዱ ዓይን ነው ይላል፥ ሌላው ጥጋብ ነው ይላል። ሐና በቤተ መቅደስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ኀዘኗን በእግዚአብሔር ፊት ስታፈስስ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ነበር። ዔሊ ክፉ ካህን ስለ ሆነ አይደለም የተሳሳተው፤ ሳይጠይቅ ስለ ፈረደ ነው። እርሷ በገለጠችለት ጊዜ ግን ስሕተቱን ትቶ ባረካት። ለእኛ ለካህናት ይህ ታሪክ በየጊዜው ቢነበብልን መልካም ነው።

ሽማግሌውም እህል መተው ይጀምራል፤ አርጅቶ ነው ብለን እናልፈዋለን። እርጅና ራሱ ኀዘን እንዳልሆነ ግን በደስታ ያረጁትን አይተን እናውቃለን።

ጸበልስ? የሚለን አይታጣም። ጸበሉን አትተዉ። ነገር ግን ጸበል ልትጠመቅ የሄደች ነፍስ መድኃኒቷን እንድትጥል አታስገድዷት። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲያስተምሩ፥ ሕሙማን መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር አንድ ላይ መውሰድ እንደሚችሉ ገልጸው ነበር። በእንጦጦ ማርያምም የጸበሉ አገልጋዮችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሕሙማንን ተባብረው የረዱበት ሥራ በሐኪሞቹ ተጽፎ በ2013 ዓ.ም. ታትሟል። ስለዚህ ይህን የምንለው ከራሳችን አመንጭተን አይደለም።

በሩቅ አገር ሆኖ ባለሙያ ከወዴት ይገኛል ለሚለው፥ መንገዱ ከቀድሞው ይልቅ አጥሯል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ነበር። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች በአገር ውስጥ መሠልጠን ጀመሩ፤ ከዚያ በፊት ለዚህ ትምህርት ባሕር መሻገር ግድ ነበር። የአእምሮ ጤና ነርሶችም በየክፍላተ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመድበው ይሠራሉ። ዛሬም ባለሙያው ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ይልቁንም በቆላው። ቢሆንም በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ገብቶ «እንቅልፍ አጥቻለሁ፥ ልቤም ደክሟል» ብሎ መናገር መጀመሪያ ነው። መኖርን የጠላ ሰው ያጋጠማችሁ እንደ ሆነ ግን ብቻውን አትተዉት፤ ያ ረዳት እንዳደረገው ይዛችሁት ሂዱ።

እኛም ከገላፊ ከተመለስን ወዲህ ልማዳችንን ለውጠናል። ቀኖና ከመስጠታችን በፊት ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፥ እህል ይበላ እንደ ሆነ፥ ምን እንዳየም እንጠይቃለን። አንዳንዱ ከዚህ በኋላ ንስሐውን ይናገራል፤ አንዳንዱን ደግሞ ወደ ሐኪም ልከን ሲመለስ እንቀበለዋለን።

ያ ሾፌር ተራው ደርሶ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር አጫወተን። የአፋር ወንድሞቻችን፥ ምንም እንኳ የሚበዙት ሃይማኖታቸው ከእኛ የተለየ ቢሆን፥ ዳጉ የሚሉት የከበረ ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይጠያየቃሉ፤ የሚሰማው ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማል፥ የሚናገረውም ሐሰት መጨመር ነውር ነው። «እኛ በዚህ መንገድ ስንት ዓመት ስንመላለስ ጎማና ነዳጅ እንጂ ሌላ አንጠያየቅም ነበር» አለን። አሁን ግን እርሱና ረዳቱ ሰርዶ ሲደርሱ መኪናውን አቁመው ሻይ ያስቀዳሉ፤ ሻዩ እስኪያልቅም አንዱ ሌላውን ይጠይቃል። በየወሩም አዲስ አበባ ሲገባ ወደ ባለሙያው ይሄዳል። «ልጁ ሲጠይቀኝ ዳኛ ይመስላል» ብሎ ሳቀና ወደ መሪው ወጣ፤ ሰልፉም ተንቀሳቀሰ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።