ደረታችንን ስላመመንና ስለፈራነው ነገር

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባሎች ሲባል በዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



እንደሚታወቀው የማኅበር ጸሐፊ ሲነሣ የሚናገረው ስለ መዋጮ ነው። ያልከፈለ ይክፈል፣ ያሳለፈ ቅጣቱን ይጨምር፣ ወንበር የወሰደ ይመልስ። ዛሬ ግን ስለ መዋጮ አንናገርም። የምንናገረው ስለ ደረት ሕመም ነው፤ ይኸውም ሐኪም አይቶ «ልብህ ደኅና ነው» ካለ በኋላም አልሄድ ስለሚል ሕመምና አብሮት ስለሚመጣው ፍርሃት ነው። ትምህርታችን ከ6ኛ ክፍል ያላለፈ ስለሆነ እንደ ሐኪም ለመናገር አንደፍርም። የደረሰብንንና የጤና ባለሙያዎች ያስረዱንን ብቻ እንናገራለን።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። ከመካከላችን አንድ ጎረቤታችን ሌሊት ታሞ ሳይነጋ ዐረፈ። በዕድሜ እኩያችን ነበር። ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ቀበርን። ከቀብር መልስ እንደ ልማዳችን መዝገቡን ከፍተን ስሙን ከአባሎች ዝርዝር ወደ ሟቾች ዝርዝር ስናዛውር በግራ ጡታችን በኩል አንድ ነገር ውግት አደረገን። እስክሪብቶውን አስቀምጠን ደረታችንን ያዝን። የእኛም ተራ ደረሰ አልን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሕመሙ ለመደን። ሌሊት ድንገት እንባንናለን። ልባችን እንደ ከበሮ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረናል፣ ጣታችንን ይነዝረናል። ከተኛን አንነሣም ብለን ግድግዳ ተደግፈን ተቀምጠን እናድራለን። ባለቤታችን «ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?» ስትል «ቁንጫ ነው» እያልን እናልፋታለን። ከ40 ዓመት የዘለለ፣ ልጆች የሚያሳድግ አባወራ «ፈራሁ» ብሎ እንዴት ይናገራል?

ሐኪም ዘንድ አልሄዳችሁም ወይ ትሉን ይሆናል። ሄደናል፤ እንዲያውም አብዝተን ሄድን። በጥቂት ወራት ውስጥ 5 ቦታ ታየን። የልብን አመታት በወረቀት በሚያወጣው ኢሲጂ በተባለው መሣሪያ 3 ጊዜ ተመረመርን፤ ደም ሰጠን፤ ራጅ ተነሣን። ሁሉም «ልብህ ደኅና ነው» አሉን። ወረቀቱን በኪሳችን ይዘን ስንወጣ ሰውነታችን ቅልል ይለዋል። ነገር ግን ሰኞ የተባለልን የሚያቆየን እስከ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ማታ «መሣሪያው ተሳስቶ ቢሆንስ?» እንላለን። ለቤታችን ክዳን ቆርቆሮ መግዣ ያጠራቀምነው ገንዘብ በዚሁ አለቀ።

ክረምት ገባ፤ ቤቱ ያፈስ ጀመር። ባለቤታችን ከሚያፈሰው ሥር ድስትና ባልዲ ደርድራ «የቆርቆሮው ገንዘብ የት ገባ?» ብላ ስትጠይቀን ያን ጊዜ ነው እውነቱን ያወጣነው። ሰማችና ተቀመጠች። «እኔ እኮ ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ ስንት ወር ሳለቅስ ከረምኩ» አለችን። ይህን በናንተ ፊት እንድንናገር የፈቀደችልንም እርሷው ናት።

በማግሥቱ አብራን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ያየችን አንዲት ወጣት ሲስተር ነበረች። የድሮ ወረቀቶቻችንን ሁሉ አንድ በአንድ አየች፣ ግፊታችንን ለካች፣ ደረታችንን አዳመጠች፣ ከሐኪሙም ጋር ተነጋገረች። ከዚያ በኋላ «ጋሼ፣ የት ነው የሚያምዎት?» ሳይሆን «መቼ ነው የጀመረዎት?» አለችን። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀንም ነበር። መዝገቡ ላይ የጎረቤታችንን ስም ስንጽፍ ነው አልናት። ጥቂት ዝም አለችና የጎድናችን አጥንት ከደረታችን መሃል አጥንት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጣቷ ተጫነችው። «እርሱ ነው! እርሱ ነው!» ብለን ጮኽን። «ይህ የጎድን አጥንት መጋጠሚያና ጡንቻ ነው፤ ያማል እንጂ አይገድልም» አለችን። ይህን ያለችን ግን ልባችን ከተመረመረ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ማንም ቤቱ ተቀምጦ በጣቱ ራሱን መርምሮ «ደኅና ነኝ» እንዳይል።

ታዲያ ልብ ደኅና ከሆነ ደረት ለምን ያማል? እንዳስረዱን ከሆነ ደረት ውስጥ ያለው ልብ ብቻ አይደለም። አጥንት፣ ጡንቻ፣ ሳንባና የምግብ መውረጃ ቱቦ ሁሉ እዚያው ናቸው። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ፣ ቃር የምንለው ማለት ነው፣ ልክ የልብ ሕመም መስሎ መሃል ደረትን ሊያቃጥል ይችላል። እኛ አገር ደግሞ ቋንቋውም ያሳስታል። አንዳንዱ ሰው «ልቤን አመመኝ» እያለ እጁን የሚያሳርፈው ጨጓራው ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስንቀርብ «ልቤን» ብለን ከምንተው ቦታውን በእጃችን ብናሳይ ይሻላል።

ፍርሃትም ራሱ ደረትን ያማል። ሰው ሲፈራ ልቡ ይፈጥናል፣ የደረቱ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሹ አጭር አጭር ይሆናል። እንዲህ ሲተነፍስ ጣቱ ይደነዝዛል፣ ራሱ ይዞራል። ያን ጊዜ «አይ፣ ይኸው መጣ» ብሎ ይበልጥ ይፈራል፤ ሲፈራ ይበልጥ ያመዋል። በሠፈራችን ሌሊት አንድ ውሻ ሲጮኽ ሌሎቹ ሁሉ እንደሚከተሉት ማለት ነው። ሌባ የለም፤ ግን ማንም አይተኛም። ጩኸቱ ግን እውነተኛ ጩኸት ነው። ስለሆነም ሕመምተኛውን «ዝም ብለህ ነው፣ ምንም አላመመህም» ማለት ስሕተት ነው። ሕመሙ አለ፤ ምክንያቱ ነው ሌላ።

ይህ የፈሪ ሰው በሽታ ነው የሚል ካለ ሲስተሯ የነገረችንን እንንገረው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865፣ ብዙ ወታደሮች ደረታችንን ወጋን፣ ልባችን ዘለለብን እያሉ ወደ ሐኪም ይመጡ ነበር። ዳ ኮስታ የተባለ ሐኪም 300 ያህሉን መርምሮ በ1871 ጽሑፍ አወጣ። በብዙዎቹ ልብ ላይ ይህን የሚያመጣ ጉዳት አልተገኘም። ነገሩ «የወታደር ልብ» ተባለ። ጥይት ፊት የቆመን ሰው የያዘ ነገር እኛን ቢይዘን ምን ያሳፍራል?

አሁን ደግሞ ወደ ሟቹ ጎረቤታችን እንመለስ። ቤተሰቦቹ «ለሌላው ትምህርት ይሁን» ብለው ስለፈቀዱልን ነው የምንናገረው። እርሱ 3 ቀን ሙሉ ደረቱን ከብዶት ግራ ክንዱን ሲያሽ ነበር። «ብርድ ነው» ብሎ ፌጦ ሲጠጣ ሰነበተ እንጂ ሐኪም ዘንድ አልሄደም። እንግዲህ ተመልከቱ። እርሱ ሕመሙን ደበቀ፤ እኛ ፍርሃታችንን ደበቅን። እርሱ መሄድ ሲገባው አልሄደም፤ እኛ መቆም ሲገባን ስንዞር ከረምን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለሁለታችንም ነው።

ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘረውን እያንዳንዱ ቤተሰብ እንዲያውቀው እንጠይቃለን።

አንደኛ፤ መሃል ደረትን እንደ ድንጋይ የሚጫን ወይም ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ራስን መሳት ካለበት፣ ይንጋ ሳይባል ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። በሴቶችና የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደረቱ ብዙም ሳያም በድካም፣ በትንፋሽ ማጠር ወይም በሆድ ሕመም መልክ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛ፤ ዳገት ሲወጡ ወይም ሸክም ሲያነሡ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚተው የደረት ሕመም ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ቶሎ መታየት አለበት። 2 ሳምንት ያለፈው ሳል ወይም ደም ያለበት አክታም እንዲሁ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል።

ሦስተኛ፤ ዕድሜያችን ከ40 ካለፈ ምንም ባያመንም የደም ግፊታችንንና ስኳራችንን እንለካ። ግፊት ጮኾ አይመጣም።

አራተኛ፤ ተመርምሮ ልቡ ደኅና የተባለ ሰው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሐኪም፣ በቀጠሮ ይታይ። ከቦታ ቦታ መዞር ኪስ ያራቁታል እንጂ ልብ አያሳርፍም። ነገር ግን ከለመደው የተለየ አዲስ ሕመም ከመጣበት «ፍርሃት ነው» ብሎ አይተወው፤ ተመልሶ ይታይ።

አምስተኛ፤ ፍርሃቱ እንቅልፍና ሥራ የሚከለክል ከሆነ ለእርሱም ሕክምና አለ። ይህን ለሐኪም መንገር እብድ መባል አይደለም። ጸበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፣ የሚጸልይም ይጸልይ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ።

እኛ ምን አደረግን? ከአቦል እስከ በረካ እንጠጣ የነበረውን ቡና በአቦል ወሰንነው። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆዳችን ቆይተን፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ ጠግበን ወዲያው መጋደም ልማዳችን ነበር፤ ይህን ተውን። በቀን ሃያ ጊዜ የልባችንን አመታት በጣታችን መቁጠር ተውን፤ ከሁሉ የከበደን ይኸኛው ነው። ሌሊት ስንባንን ትንፋሻችንን በአፍንጫ ቀስ ብለን ስበን፣ ከሳብነው አስረዝመን እናወጣዋለን፤ ይህን ጥቂት ጊዜ ስንደጋግመው ውሾቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። ጠዋት ጠዋት በእግራችን እንሄዳለን። ከሁሉ በላይ ግን ባለቤታችንን «ዛሬም መጣብኝ» እንላታለን። እርሷም «እሺ፣ አለሁ» ትላለች። ሌላ ነገር አትልም፤ ይበቃል።

ድነናል ብለን አንዋሽም። ውጋቱ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። ሲመጣ እናውቀዋለን፣ ሲሄድም እናየዋለን። ቆርቆሮውም ዘንድሮ ተገዝቷል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናሳስባለን። በማኅበራችን መዝገብ የአባሎች ዝርዝር አለ፣ የሟቾች ዝርዝር አለ። አሁን ኮሚቴው ተስማምቶ በመጨረሻው ገጽ ሦስተኛ ዝርዝር ከፍተናል። ይኸውም ሌሊት በሩ ቢንኳኳ የሚነሡና በሽተኛ የሚያደርሱ፣ መኪና ያላቸውም የሌላቸውም አባሎች ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው ስም የእኛ ነው፤ መኪና የለንም፣ ግን እንቅልፋችን ቀላል ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እየመጣችሁ አስመዝግቡ። ደረቱን ያመመውም፣ የፈራውም በራችንን ያንኳኳ። ለሞተ ሰው ድንኳን የምንተክል ሰዎች ለታመመ ሰው በር መክፈት አያቅተንም።

 

የማኅበሩ ጸሐፊ