ከባድ ነገርን ለማዞር

አንድ ከባድ ነገር በሞተር ኃይል እንዲዞር የታሰበ እንደሆነ፥ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ክብደቱ ስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ባይከፋም ብቻውን አይበቃም። ክብደቱን ብቻ ጠይቆ ሞተር የሚያዝዝ ሰው፥ ወይ ገንዘብ ያባክናል፤ ወይ ከቦታው የማይነቃነቅ ዕቃ ይረከባል።

የቢሮአችሁን በር በማጠፊያው አጠገብ ገፍታችሁ፥ ቀጥሎም በእጀታው በኩል ብትገፉት ልዩነቱን ክንዳችሁ ይነግራችኋል። ክብደቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ከማጠፊያው እስከ እጃችሁ ያለው ርቀት ነው። ኃይሉ በዚህ ርቀት ተባዝቶ የሚገኘውን መሐንዲሶች ቶርክ ይሉታል፤ መለኪያውም ኒውተን ሜትር ነው።

በስኮትላንድ አገር በፎልከርክ ከተማ፥ በ1994 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002) የተመረቀ ታላቅ መንኰራኩር አለ። ሥራው ጀልባዎችን በሁለት ቦዮች መካከል 24 ሜትር ማውጣትና ማውረድ ነው። በሁለቱ ክንዶቹ ላይ ሁለት ገንዳዎች ተይዘዋል፤ እያንዳንዱም 250 ቶን ያህል ውኃ ይይዛል። ከመካከለኛው ዘንግ እስከ ገንዳው ያለውን ርቀት የ24ቱን እኩሌታ፥ 12 ሜትር እንበል።

አንደኛው ገንዳ ባዶ ቢሆን ኖሮ፥ ክንዱ አግድም በተዘረጋ ጊዜ 250,000 ኪሎግራም በ9.8፥ ዳግመኛም በ12 ሲባዛ፥ 29.4 ሚሊዮን ኒውተን ሜትር ባስፈለገ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ሙሉ ናቸውና የሚወርደው የሚወጣውን ያነሣዋል። ጀልባ ሲገባስ? አርኪሜዲስ እንዳስተማረው፥ ተንሳፋፊ ጀልባ የክብደቱን ያህል ውኃ ገፍቶ ስለሚያስወጣ፥ የውኃው ከፍታ እስካልተለወጠ ድረስ ገንዳው አይከብድም።

ታዲያ ለሞተሩ ምን ቀረለት? የቆመ ነገር መነሣትን እንቢ ይላል። በመዞር ጊዜ ይህ እንቢታ የሚለካው ኪሎግራሙ በርቀቱ፥ እንደገናም በርቀቱ ተባዝቶ ነው፤ ብረቱን ትተን የሁለቱን ገንዳዎች ውኃ ብቻ ብንቈጥር 72 ሚሊዮን ይሆናል። ግማሹ ዙር 4 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.0131 ራዲያን ነው። ወደዚህ ፍጥነት በ10 ሴኮንድ ይድረስ ብንል፥ 94,000 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ከፊተኛው ከሦስት መቶ አንድ እጅ መሆኑ ነው።

ስለዚህም ግማሹ ዙር የሚፈጀው ኤሌክትሪክ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። 250 ቶን ውኃ ያለ አቻ ሚዛን 24 ሜትር ማንሣት ግን ከ16 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል።

ሆኖም በአንዱ ገንዳ 1 ቶን ውኃ ቢተርፍ፥ እርሱ ብቻውን እስከ 117,600 ኒውተን ሜትር ያመጣል፤ ለማስነሣት ካሰላነው ሁሉ የበለጠ ማለት ነው። በፎልከርክ ከጀልባው ክብደት ይልቅ የሁለቱ ገንዳዎች የውኃ ከፍታ በጥንቃቄ የሚጠበቀው ስለዚህ ነው።